ያልተጻፈ እምቢታ ይግባኝ የለውም

በክረምቱ የምዝገባ ወራት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ቢሮ ውስጥ ተደጋግመው የሚሰሙ መልሶች አሉ። «ቦታ ሞልቷል።» «የሠለጠነ መምህር የለንም።» «ሌሎቹን ልጆች ይረብሽብናል፤ ወላጆች ያማርሩብናል።» «እኛ ጋ ቢገባ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ለእሱ የሚሆን ቦታ ፈልጉለት።» ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ እነዚህን መልሶች በቃሉ ያውቃቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚነገሩት በክፋት አይደለም። ርእሰ መምህሩ ወንበር ስቦ ያስቀምጣል፣ ያዳምጣል፣ ከልቡም ያዝናል። ሲሰናበት «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» ይላል። እናትም አመስግና ትወጣለች። ስትወጣ ግን በእጇ አንድም ወረቀት የለም።

እኔ የምከራከረው ስለዚያ ወረቀት ነው። ልዩ ፍላጎት ያላቸው ልጆች ከትምህርት ገበታ የሚቀሩበትን ምክንያት ስንዘረዝር የመምህር እጥረት፣ የበጀት እጥረት፣ የኅብረተሰቡ አመለካከት እንላለን። ሁሉም እውነት ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም፣ ለማስተካከልም እንደ እነሱ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ጉድለት ግን አለ። ልጁን የማይቀበል ትምህርት ቤት «አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ብሎ ጽፎና ፈርሞ እንዲሰጥ በተግባር የሚያስገድደው የለም። ያልተጻፈ ውሳኔ ደግሞ ማንም ሊሽረው አይችልም። ቀን የለውም፣ ፈራሚ የለውም፣ የተገለጸ ምክንያት የለውም። ጉዳዩ ወደ በላይ አካል ሲሄድ ትምህርት ቤቱ «እኛ መች አንቀበልም አልን? ቦታ ሲገኝ ኑ ነው ያልነው» ካለ፣ እናቲቱ የራሷን ቃል ከመስጠት ሌላ የምታቀርበው ማስረጃ የላትም።

እንዲህ ያለው እምቢታ በምዝገባ ዕለት ብቻ የሚመጣም አይደለም። ልጁ «ለሁለት ሳምንት እንየው» ተብሎ ይገባል፤ በሁለተኛው ሳምንት ስልክ ይደወላል፣ «አልቅሷልና መጥታችሁ ውሰዱት።» ከዚያ እስከ ረፋድ ብቻ እንዲቆይ ይደረጋል። ከዚያ ወላጆች «ሻዶ» የሚሉትን፣ አጠገቡ የሚቀመጥ አጋዥ፣ ቤተሰቡ በራሱ ደመወዝ ቀጥሮ እንዲያመጣ ይጠየቃል፤ ይህንን የሚችል ቤተሰብ ስንት ነው? በመጨረሻ እናት ራሷ ደክሟት ታወጣዋለች። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ የሚቀረው «በወላጅ ጥያቄ ለቀቀ» የሚል ነው። የተባረረ ልጅ ተብሎ የትም አይቆጠርም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የመንግሥትም ሆኑ የግል የበጎ አድራጎት ተቋማት፣ ፍርድ ቤቶችና የአስተዳደር ባለሥልጣናት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃኑን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። አንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀምን መብት ይሰጣል። አንቀጽ 9 ደግሞ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ከእነዚህ አንዱ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 24 አንድም ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከአጠቃላይ የትምህርት ሥርዓት፣ በተለይም ነፃና ግዴታ ከሆነው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ እንዳይገለል ይከለክላል። በፖሊሲም በኩል እንዲሁ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እነዚህን ልጆች አንሥቷል፤ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. አካቶ ትምህርትን ማዕከል አድርጎ ተሻሽሏል።

ባለሥልጣናት ሲጠየቁ የሚያነሡት ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ውስጥ ያለውን ሐረግ ነው። መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን የሚረዳው አቅሙ በሚፈቅደው ደረጃ ነው ይላል። ስለዚህ አቅም እስኪፈቅድ መጠበቅ ግድ ነው የሚል ትርጉም ይሰጡታል። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች እየተቀላቀሉ ነው። ለእያንዳንዱ ወረዳ የንግግር ሕክምና ባለሙያ መመደብ ዓመታት የሚፈጅ የሀብት ጉዳይ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ልጅን በጉዳቱ ምክንያት ከደጅ አለመመለስ ግን የሀብት ጉዳይ አይደለም። የስምምነቱን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ አካቶ ትምህርት ባወጣው ማብራሪያ ይህንን ለይቶታል። ሥርዓቱን መገንባት ደረጃ በደረጃ ሊሆን ይችላል፤ አድልዎ አለማድረግና ለአንድ ልጅ የሚያስፈልገውን ተመጣጣኝ ማመቻቸት አለመከልከል ግን ዛሬውኑ የሚፈጸም ግዴታ ነው። ከፊት ወንበር ማስቀመጥ፣ ሲረበሽ ለአምስት ደቂቃ ውጭ ወጥቶ እንዲመለስ መፍቀድ፣ ፈተናውን በቃል ማስመለስ፣ ምድር ቤት ያለውን ክፍል ለእሱ ክፍል ማድረግ፤ እነዚህ ከበጀት ዓመት ጋር የሚያያዙ አይደሉም።

ታዲያ ሕጉ ሳለ ልጆቹ የት ናቸው? የ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳት ያለባቸውን ከመቶ አንድ ገደማ አድርጎ ነው የመዘገባቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ሪፖርት ደግሞ ለኢትዮጵያ የተሰጠው ግምት ከመቶ 17.6 ነው። የመለኪያው ዘዴ መለያየቱ ልዩነቱን በከፊል ያስረዳል። ቢሆንም ቤት ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ለቆጣሪም እንደማይታይ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ትምህርት ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ያሰላው የተሳትፎ መጠን አካል ጉዳት ካለባቸው ልጆች በአንደኛ ደረጃ ከመቶ 11 ገደማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ከመቶ 3 ያልሞሉት ብቻ እንደሚማሩ ያሳያል። ከቀሪዎቹ ውስጥ ስንቱ ትምህርት ቤት ደርሶ ተመለሰ፣ ስንቱስ ደጁን ሳይረግጥ ቀረ የሚለውን ለመለየት ግን የእምቢታ መዝገብ ያስፈልግ ነበር። እምቢታው በቃል ስለሆነ መዝገብ የለም። መዝገብ ስለሌለም ለወረዳ በጀት የሚመድበው ሰው ፊት ጥያቄው አይቀርብም፤ ጥያቄ ያልቀረበበት ነገር ደግሞ በጀት አያገኝም። እጥረቱ የሚቀጥልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

በዚህ አገር ይህንን ጉዳይ ከቤት አውጥተው ለአደባባይ ያበቁት ወላጆች ናቸው። ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው የነበሩ ሴት ነበሩ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች እየመለሱባቸው ሲቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱና በሥሩ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነበር። ለልጆቹ የሚሆን አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። «ኦቲዝም» የሚለው ቃል ራሱ በከተማ ቤቶች ውስጥ መነገር የጀመረው በአብዛኛው በእሳቸው ድካም ነው። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ማዕከሉ በር ላይ የሚጠብቀው ቤተሰብ ማዕከሉ ከሚያስተናግደው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነበር። ይህንን የማነሣው ለምስጋና ብቻ አይደለም። አንዲት እናት «ልጄን ለምን አልተቀበላችሁትም?» ብላ የምትጠይቅበት ችሎት ስላልነበረ ራሷ ትምህርት ቤት መሥራት ነበረባት። ወ/ሮ ዘሚ ይህንን ማድረግ የሚያስችል ጉልበት፣ ልምድና ትውውቅ ነበራቸው። በኮልፌ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ በቀን ሥራ የምትተዳደር እናት ግን ይህ ሁሉ የላትም፤ እሷ የሚያስፈልጋት አቤቱታዋን የሚሰማ አካል ነው።

ጉዳዩ በሌላ አገር እንዴት መንገድ እንዳገኘ ማየት ይጠቅማል። በጣም የሚቀርበን ምሳሌ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ1971 የሰባት ልጆች ቤተሰቦች የከተማዋን የትምህርት ቦርድ ከሰሱ። ልጆቹ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጠባይ ችግር አለባቸው እየተባሉ ከመደበኛ ትምህርት ቤት ተገልለው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የ12 ዓመት ልጅ «አስቸጋሪ ነው» ተብሎ ከትምህርት ቤቱ ሲወጣ የቤተሰቡን ቃል በአግባቡ የሰማ አካል አልነበረም። ቦርዱ ለመከላከያ ያቀረበው እኛ አገር የምንሰማውን ነው፤ ገንዘብ የለንም አለ። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 በሰጡት ፍርድ ይህንን መከላከያ አልተቀበሉትም። ያለው ገንዘብ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ አንድም ልጅ ፈጽሞ እንዳይገለል ተደርጎ በፍትሐዊነት ይከፋፈል፤ የእጥረቱ ሸክም ከሌሎቹ ይልቅ ጉዳት ባለበት ልጅ ላይ ሊከብድ አይችልም አሉ።

ይህ የፍርዱ ክፍል ታዋቂው ነው። እኔ ከዚያ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሁለተኛው ክፍል ነው። ዳኛው «ልጆቹን ተቀበሉ» ብለው አላቆሙም፤ ከዚህ በኋላ አንድን ልጅ ለማግለል ወይም ለማዛወር የሚፈልግ አካል ለወላጅ አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ምክንያቱን መግለጽ፣ ወላጅ በገለልተኛ ሰው ፊት የመሰማት መብት እንዳለው መንገርና የልጁን ማኅደር እንዲያይ መፍቀድ እንዳለበት በዝርዝር አዘዙ። ልብ ይባል፣ በዚያን ጊዜ አሜሪካም ቢሆን የልዩ ፍላጎት መምህር የተትረፈረፈባት አልነበረችም። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣው የፌዴራሉ ሕግ ራሱ አንድ ሚሊዮን ልጆች ከሕዝብ ትምህርት ቤት ፈጽሞ ተገልለዋል ብሎ ነው የጀመረው። የጽሑፍ ማሳወቂያው ግዴታ የመጣው አቅም ከተገነባ በኋላ አልነበረም። አቅሙ የተገነባው ግዴታው ከመጣ በኋላ ነው።

ያ እ.ኤ.አ. የ1975 ሕግ ዛሬም እየተሻሻለ ይሠራል። ትምህርት ቤቱ ወላጅ የጠየቀውን ድጋፍ ወይም ምደባ ሲከለክል ምን እንደከለከለ፣ ለምን እንደከለከለና በምን ማስረጃ ላይ እንደተመሠረተ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ ያውም ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር ወላጁ በሚገባው ቋንቋ። ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛን የምታስተናግድ ከተማ ናት። እንግዲህ በዚያ ያለች ኢትዮጵያዊት እናት የልጇን ጥያቄ ውድቅ ያደረገውን ውሳኔ በአማርኛ ተጽፎ የመቀበል መብት አላት። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ በየትኛውም ቋንቋ አትቀበለውም። ይህንን ሳስብ ያንገበግበኛል።

እንግሊዝ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። በዚያ የአካባቢው ምክር ቤት ለልጁ የድጋፍ ዕቅድ አላወጣም ካለ፣ ወይም ወላጅ የመረጠውን ትምህርት ቤት በዕቅዱ ላይ ካልጻፈ፣ ውሳኔውን የሚገልጸው ደብዳቤ ይግባኝ የት እንደሚባልና በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሆነ መናገር አለበት። ወላጅ በሁለት ወር ውስጥ ለልዩ ፍላጎት ጉዳዮች ለተቋቋመው ነፃ ፍርድ ጉባኤ ያመለክታል፤ ክፍያ የለውም፣ እንግሊዝኛ ቋንቋው ላልሆነም ጉባኤው አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2023/24 የትምህርት ዘመን ወደ 21 ሺህ የሚጠጉ ይግባኞች ተመዝግበዋል፤ ተሰምተው ውሳኔ ካገኙት ከመቶ 98 በላይ የሚሆኑት በሙሉም ሆነ በከፊል ለወላጆች የተፈረዱ ናቸው። ይህ ቁጥር የሚያስደስት ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ግማሹን እንደ ማስጠንቀቂያ አየዋለሁ። ከመቶ 98 ውሳኔ የሚሻርበት አስተዳደር መጀመሪያውኑ ሕጉን እየጣሰ የወላጅን ድካም የሚጠብቅ አስተዳደር ነው። ወላጆች ወራት ይጠብቃሉ። ጠበቃና የግል የሥነ ልቦና ባለሙያ መክፈል የሚችሉት ተዘጋጅተው ይቀርባሉ፤ የማይችሉት ብዙዎቹ ይግባኙን ሳይጀምሩት ይቀራሉ። ስለዚህ የይግባኝ መንገድ ስንከፍት የመጀመሪያው ውሳኔ ራሱ እንዲስተካከል አድርገን መሆን አለበት። ምክንያትን መጻፍ ለዚህም ይረዳል። «ይረብሻል» ብሎ መናገር ቀላል ነው። «ይረብሻል ብዬ ገምቼ፣ ሳልሞክረው፣ ምንም ማመቻቸት ሳላደርግ አልተቀበልኩትም» ብሎ መፈረም ግን ከባድ ነው፤ ብዙ ርእሰ መምህራን ብዕር ሲያነሡ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ ብዬ አምናለሁ።

የመምህራኑን ወገን ሳልሰማ አላልፍም። ስድሳ ተማሪ የያዘ ክፍል፣ አንድ መምህር፣ ረዳት የለ፣ ሥልጠና የለ፤ በዚህ ላይ መናገር የማይችል፣ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን ይዞ የሚጮህ ልጅ ይጨመራል። መምህሩ «አልችልም» ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። የዐይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት በዚህ አገር ረጅም ታሪክ አለው፤ ከሰበታና ከሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤቶች ብዙ ምሁራን ወጥተዋል። በሻሸመኔ የተማረችውና እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ያገኘችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ለዚህ ምስክር ናት። የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ግን ዘግይተው የታሰቡ ናቸው። እንደ ኮከበ ጽባሕ ባሉ ጥቂት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ክፍል አለላቸው፤ ከዚያ ውጭ ግን መምህሩ ብቻውን ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ የጽሑፍ መልሱን ያጠናክረዋል እንጂ አያስቀረውም። መምህሩ ብቻውን መሆኑ የተጻፈበት መቶ ደብዳቤ አንድ ክፍለ ከተማ ላይ ሲከማች፣ የትኛው ትምህርት ቤት አጋዥ እንደሚያስፈልገው፣ የድጋፍ ማዕከል የት መከፈት እንዳለበት ያለ ተጨማሪ ጥናት ይታወቃል። ዛሬ የመምህሩ ችግር ልጁን ይዞ ወደ ቤት እየሄደ ነው።

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ አንድ ወላጅ ምን ማድረግ ይችላል? ዛሬም ቢሆን በቃል የተነገረውን እምቢታ ወደ ወረቀት የመለወጫ መንገድ አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮችንም ይመለከታል። የአስተዳደር ተቋም የዜጋን መብት የሚነካ ውሳኔ ሲሰጥ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያዛል፤ ቅሬታ የሚቀርብበትንና ፍርድ ቤት ውሳኔውን የሚመረምርበትን መንገድም ይዘረጋል። ትምህርት ቤቱ መጻፍ ባይፈልግ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለቀረበለት ማመልከቻ መልስ መስጠት አለበት። ስለዚህ ወላጅ ለርእሰ መምህሩ አጭር ማመልከቻ ይጻፍ። የልጁ ስምና ዕድሜ፣ የሚጠየቀው ክፍል፣ የሚያስፈልገው ማመቻቸት፣ መልሱም በጽሑፍ እንዲሰጠው የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገብቶ በቀሪው ላይ ቀንና ማኅተም ያስመታ። ማኅተም አንመታም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ይላክ፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ማስረጃ ነው። መልስ ከሌለ ያንኑ ኮፒ አያይዞ ወደ ወረዳው፣ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው፣ ከዚያ ወደ ከተማው ትምህርት ቢሮ ቅሬታ ሰሚ ይቀጥል። ትምህርት ቤቱ የግል ከሆነ ፈቃድ ለሚሰጠውና ለሚቆጣጠረው የከተማው ባለሥልጣን ይጻፍ፤ የባለሥልጣኑ መልስም ሆነ ዝምታው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በክልል ያለ ወላጅ የሚከተለው የክልሉን ሥርዓት ቢሆንም ማመልከቻን በቀንና በማኅተም የማስቀረት ልማድ የትም ይሠራል።

ከዚህ ጎን የሚሄዱ ሁለት በሮች አሉ። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 እና 211 የተቋቋሙት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ በነፃ ይቀበላሉ። የእንባ ጠባቂ የመንግሥት አስተዳደር በደልን ይመረምራል፤ ኮሚሽኑ ጉዳዩን ከመብት ጥሰት አንጻር ያያል። ሁለቱም እንደ ፍርድ ቤት አይፈርዱም። ነገር ግን ከእነሱ የሚወጣ አንድ የመጠየቂያ ደብዳቤ ወረዳ ላይ ስንት ጊዜ የተኛ ፋይል እንደሚያስነሣ ቢሮ የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል።

ስለ ሐኪም ማስረጃም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ብዙ ወላጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ከየካቲት 12 ወይም ከሌላ ሆስፒታል የልጆች አእምሮ ሕክምና ክፍል የሚገኘው ወረቀት ብዙውን ጊዜ የሕመሙን ስም ብቻ ይዞ ይወጣል። ያንን የያዘ ወላጅ ማስረጃ ያገኘ ይመስለዋል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ወረቀቱን አይቶ «በሐኪም የተረጋገጠ ነው፤ እኛ አንችለውም» ይላል። ለልጁ የተጻፈው ማስረጃ በልጁ ላይ ይውላል። ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም ሆነ የንግግር ሕክምና ባለሙያው ልጁ ምን እንደሚችል፣ ምን ሲያግዘው እንደሚረጋጋ፣ ክፍል ውስጥ ምን እንዲደረግለት እንደሚመከር በሦስት በአራት መስመር እንዲጽፉ መጠየቅ ያስፈልጋል። «ኦቲዝም አለበት» ከሚለው ይልቅ «በሥዕል የታገዘ መመሪያ ይከተላል፤ ሽንት ቤት ራሱ ይሄዳል፤ ከፍተኛ ድምፅ ሲኖር አጭር ዕረፍት ያስፈልገዋል» የሚለው ለርእሰ መምህሩም ፍርሃት መድኃኒት ነው፣ ለቅሬታ ሰሚውም መመዘኛ ነው።

ይህ ሁሉ ሸክም በወላጅ ትከሻ ላይ መጣሉ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ከሥራ ፈቃድ እየጠየቀ፣ ልጁን የሚይዝለት እየለመነ፣ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ሰው ቀድሞውኑ የደከመ ሰው ነው። ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። ስለዚህ የከተማው ትምህርት ቢሮ አንድ አጭር መመሪያ ቢያወጣ የብዙ ቤተሰብ ሕይወት ይቀየራል። ማንኛውም ትምህርት ቤት፣ የመንግሥትም ሆነ የግል፣ ልዩ ፍላጎት ያለበትን ልጅ ካልተቀበለ፣ ከተቀበለ በኋላ ካሰናበተ ወይም የትምህርት ሰዓቱን ከቀነሰ በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ምክንያቱን፣ የሞከረውን ማመቻቸትና ቅሬታ የሚቀርብበትን አድራሻ ጽፎ ለወላጅ ይስጥ፤ ቅጂውን ለወረዳው ይላክ። «ቦታ ሞልቷል» የሚል ትምህርት ቤት በዚያ ክፍል ስንት ተማሪ እንደመዘገበ ይጻፍ። ወረዳው ልጁን የሚቀበል ሌላ ትምህርት ቤት ስምና ቀን ጠቅሶ ሳያቀርብ ማኅደሩን አይዝጋ። ቅሬታውን የሚያየው አካል ውስጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያና የወላጆች ተወካይ ይኑሩበት።

ከሁሉም በላይ ግን ጊዜው ይታሰብበት። ትምህርት መስከረም ላይ ይጀምራል። በሰኔ ተመልሶ፣ በነሐሴ ለወረዳ አመልክቶ፣ በጥር «ይመዝገብ» የሚል መልስ ያገኘ ልጅ ግማሽ ዓመቱን ከማጣቱም በላይ ጓደኝነት ተመሥርቶ፣ መቀመጫ ተይዞ፣ መምህሩም ክፍሉን ለምዶ ካበቃ በኋላ ነው የሚገባው። ኦቲዝም ላለበት ልጅ በመሃል መግባት ለሌላው ልጅ ከሚሆነው እጅግ የከበደ ነው። ስለዚህ እምቢታው በተነገረ በሳምንት ውስጥ ቅጹ ይሰጥ፤ የወረዳው መልስ በአሥራ አምስት ቀን፣ የመጨረሻው ውሳኔ ደግሞ ጳጉሜን ሳይገባ ይሰጥ። ልጁ ከእኩዮቹ ጋር በመጀመሪያው ሰኞ ይግባ።